ማጠቢያው ከሱቅ ሲወጣ ፊልሙም አብሮ ወጣ

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የትኛውም መድኃኒት ቤት ቢገቡ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ቢጫና አረንጓዴ ነበር። ቢጫው የአሜሪካው ኮዳክ፣ አረንጓዴው የጃፓኑ ፉጂ የፎቶ ፊልም ነው። ባለ 24 ፎቶ አለ፣ ባለ 36 አለ። ለደማቅ ፀሐይ የሚሆን አለ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን አለ። አራቱ አንድ ላይ ታሽጎ በቅናሽ የሚሸጥም ነበር። ሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፣ ነዳጅ ማደያው ይሸጣል፣ የቱሪስት ሱቁማ ያለ ፊልም አይታሰብም። ዛሬ እዚያው ግድግዳ ላይ የስልክ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫና የስጦታ ካርድ ተንጠልጥሏል። ፊልም ከተገኘም ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ፓኬት ነው። ብዙ ቦታ ጭራሽ የለም።

ውድቀቱ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር ቁጥሩ ይናገራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 ገደማ አሜሪካውያን በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥቅል ፊልም ይገዙ ነበር። በ2011 የተገመተው ሽያጭ 20 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከመቶው ሁለቱ ቀረ ማለት ነው። የካሜራውም እንደዚያው ነው። በ2000 አሜሪካ ውስጥ 19.7 ሚሊዮን የፊልም ካሜራ ተሽጦ ነበር፤ በ2009 የተሸጠው 280 ሺህ ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዲህ የወረደ የቤት ዕቃ ብዙ አይገኝም።

ለምን ወረደ ሲባል ሁሉም ሰው መልሱን ያውቃል፦ ዲጂታል መጣ። ትክክል ነው። ግን ይህ መልስ አንድ ነገር አይነግረንም። ዛሬ ፊልም እንደገና ይፈለጋል። ወጣቶች ይገዛሉ፣ ፋብሪካው ፍላጎቱን ለማሟላት ይሯሯጣል፣ ዋጋው እየጨመረ ነው። ታዲያ መደርደሪያው ለምን አልተመለሰም? ሲፈለግ የነበረ ዕቃ እንደገና ሲፈለግ ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ አያልፍም። እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ ያለው ከፊልሙ ላይ አይደለም፤ ከማጠቢያው ላይ ነው።

ፊልም ብቻውን የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሳሙና ገዝተው ቤት ከገቡ በኋላ ከሱቁ ጋር ጉዳይ የለዎትም። ፊልም ሲገዙ ግን ጉዳዩ ገና መጀመሩ ነው። ፎቶውን አንስተው ሲጨርሱ ፊልሙን ለማሳጠብ፣ ማለትም ምስሉ በኬሚካል እንዲወጣ ለማድረግ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ከዚያ የታጠበውን ለመውሰድ እንደገና ይመጣሉ። አንድ ፊልም ደንበኛውን ሦስት ጊዜ በር ያስገባዋል ማለት ነው። በሦስቱም ጊዜ ሰውየው የጥርስ ሳሙና ይገዛል፣ ለስላሳ ይገዛል፣ ለልጁ ብስኩት ይገዛል። ፎቶውን ሊወስድ የመጣ ቀን ደግሞ ያው ካሜራው ባዶ ስለሆነ አዲስ ፊልም ይገዛል። የመድኃኒት ቤቶቹና የሱፐርማርኬቶቹ ባለቤቶች ፊልምን የሚወዱት ለዚህ ነበር። ትርፉ ራሱ ጥሩ ነው፤ ከትርፉ የሚበልጠው ግን የሚያመጣው እግር ነው።

መድኃኒት ቤትና ፎቶ እንዴት ተገናኙ የሚል ካለ፣ ዝምድናቸው አሮጌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶ ማንሳት ማለት ኬሚካል መቀመም ማለት ነበር። ኬሚካል የሚሸጠው ደግሞ መድኃኒት ቀማሚው ነው። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 የመጀመሪያውን የኮዳክ ካሜራ ሲያወጣ የቀየረው ይህንን ነው። ሰው ካሜራውን ፊልሙ እንደገባበት ይገዛል፣ ያነሳል፣ ከዚያ ካሜራውን እንዳለ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ወደሚገኘው ፋብሪካ ይልካል። ፋብሪካው አጥቦና አትሞ፣ አዲስ ፊልም አስገብቶ ይመልስለታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኮዳክ ይሸጥ የነበረው ፊልምም ማጠብም ነው። ሁለቱ መንታ ናቸው።

እነዚህን መንታዎች የለያየው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ኮዳክ ለረጅም ጊዜ ባለ ቀለም ፊልሙን ሲሸጥ የማጠቢያውን ዋጋ አብሮ ያስከፍል ነበር። ደንበኛው አስቀድሞ ስለከፈለ ሌላ ቦታ ሄዶ አያሳጥብም። መንግሥት ይህ ሌሎችን ከገበያ ያስወጣል ብሎ ከሰሰ። በ1954 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ኮዳክ የፊልሙንና የአጠባውን ዋጋ እንዲነጥል፣ የአጠባ ዘዴውንም ለሌሎች እንዲሰጥ ተገደደ። ከዚያ በኋላ ነው በየከተማው የግል ላቦራቶሪ የበቀለው።

ቀጣዩ ትልቅ ለውጥ በ1972 መጣ። ኮዳክ ሲ-41 የሚባለውን የአጠባ ዘዴ አወጣ። ሌሎቹ አምራቾችም ቀስ በቀስ ፊልማቸውን በዚያው ዘዴ እንዲታጠብ አድርገው መሥራት ጀመሩ። የኮዳክ ይሁን የፉጂ፣ የአግፋ ይሁን የኮኒካ፣ ሁሉም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ኬሚካል፣ በአንድ የሙቀት መጠን ይታጠባል። አንድ ወጥ ነገር ሲሆን ደግሞ በትንሽ ማሽን ማጠብ ይቻላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጃፓኑ ኖሪትሱ ሱቅ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፎቶ ማጠቢያና ማተሚያ ይዞ መጣ። ሚኒላብ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ፊልምዎን ሰጥተው ቀናት ይጠብቁ ነበር። አሁን ገበያዎን ሸምተው ሲጨርሱ ፎቶው ደርሷል። የአንድ ሰዓት ፎቶ የሚለው ማስታወቂያ በየመስኮቱ ተለጠፈ።

ይህ ለውጥ በራሱ የገደላቸው ነበሩ። ፎቶማት የሚባሉ በመኪና ማቆሚያዎች መሐል የቆሙ ጠባብ ኪዮስኮች ነበሩ። ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልሙን በመስኮት ይሰጣል፣ በማግስቱ ይወስዳል። በ1980 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 4 ሺህ ደርሶ ነበር። ሚኒላቡ በአንድ ሰዓት ሲያደርስ የእነሱ ማግስት ዘገየ። ፎቶ በአንድ ሌሊት ይደርሳል ብሎ የኖረ ንግድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠራርጎ ጠፋ። ማጠቢያው ወደ ሰው በቀረበ ቁጥር የቀድሞው ቦታ ይሞታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሚኒላብ ሥራ ፈቶ መቆም የማይችል ማሽን ነው። ውስጡ ያለው የመጀመሪያው ኬሚካል ቀኑን ሙሉ 37.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ መቆየት አለበት። የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ እንኳ ከሆነ ቀለሙ ይበላሻል። ኬሚካሉ አየር ሲነካው ይደክማል፣ ውሃው ይተናል። ጤናው የሚጠበቀው ፊልም በገባ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አዲስ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። ብዙ ፊልም ከገባ ኬሚካሉ ይታደሳል። ጥቂት ከገባ ያው አሮጌው እዚያው ተኝቶ ይሞታል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው የሙከራ ቁራጭ አሳልፎ ቀለሙ ልክ መሆኑን ያያል። ይህ ሁሉ ወጪ አምስት ፊልም ቢመጣም መቶ ፊልም ቢመጣም አንድ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ቀኑን ሙሉ ምጣድ አግላ ሦስት እንጀራ ብቻ ብትሸጥ ምን ይተርፋታል? ሊጡም ይኮመጥጣል።

ስለዚህ የፊልም ሽያጭ በግማሽ ሲቀንስ የሱቁ ገቢ በግማሽ ቀንሶ አልቆመም። ማጠቢያው ከአንድ መጠን በታች ሲወርድ በአንድ ጊዜ ኪሳራ ይሆናል። ከዚያም በፊት ጥራቱ ይወርዳል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ፊልም ያሳጠበ ብዙ ሰው ይህንን አይቷል። ፎቶው ይጠይማል ወይም አረንጓዴ ይሆናል፣ ነጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምበት የታጠበው ፊልም፣ ይጫጫራል። ሰውየው ጥፋቱን በፊልሙ ያሳብባል፤ የደከመው ግን ኬሚካሉ ነበር። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ በዲጂታል ካሜራ ያነሳውን ወዲያው ሲያሳየው ምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ጥራቱ የወረደበት ደንበኛ ይሄዳል፣ ደንበኛው ሲሄድ ጥራቱ የባሰ ይወርዳል።

አንድ ተጨማሪ ክስተት አለ። ስለ ፊልም ውድቀት ሲወራ ብዙ ሰው አይጠቅሰውም። እኔ ግን ከዲጂታል ካሜራው ባልተናነሰ ወሳኝ ነበር እላለሁ። ሱቆቹ መጀመሪያ ላይ ዲጂታልን አልፈሩትም። ፉጂ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍሮንቲየር የሚባሉ ዲጂታል ሚኒላቦችን አመጣ። ፊልምም ያትማሉ፣ ከማስታወሻ ካርድ የመጣንም ምስል ያትማሉ። ዋጋቸው ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ሱቆቹ ከፍለው ገዙ። ሰው በፊልም ያነሳውን ያሳትም እንደነበረ በዲጂታል ያነሳውንም ያሳትማል ብለው ነው። ሰው ግን አላሳተመም። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጠው፣ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሱቆቹ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በኬሚካል የሚሠራውን ማሽን አስወጥተው ደረቅ ማተሚያ አስገቡ። ደረቁ ማተሚያ በቀለም ነው የሚያትመው። የውሃ ቧንቧ አይፈልግም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ የሠለጠነ ባለሙያ አይፈልግም። ለሱቁ እፎይታ ነበር።

ለፊልም ግን ያ ቀን የመጨረሻው ነው። ዲጂታል ፎቶን በደረቅ ማሽን ማተም ይቻላል። ፊልምን ያለ ኬሚካል ማጠብ አይቻልም። ፎቶ እናትማለን የሚለው ምልክት በሱቁ በር ላይ እንደተለጠፈ ቀረ፤ ፊልም የያዘ ሰው ሲመጣ ግን እዚህ አናጥብም፣ ወደ ሌላ ቦታ እንልክልዎታለን፣ ከሳምንት በላይ ይፈጃል ይባላል። የአንድ ሰዓቱ ፎቶ ወደ ቀድሞው ፖስታ ተመለሰ። እዚያው የማይታጠብን ፊልም መደርደሪያ ላይ ማቆየት ለነጋዴው ትርጉም አጣ። ፊልም እኮ ጊዜው የሚያልፍበት ዕቃ ነው፤ ሳይሸጥ ከቆየ ይጣላል። ያኔ ነው ቢጫና አረንጓዴው ግድግዳ በቻርጀር የተተካው። በ2021 ፌብሩዋሪ ደግሞ ኮስትኮ የሚባለው የትልልቅ መደብሮች ሰንሰለት አሜሪካ ውስጥ ባሉት መደብሮቹ ያሉትን የፎቶ ክፍሎች በሙሉ ዘጋ።

የፊልም ዕድሜ በማጠቢያው ዕድሜ እንደሚወሰን ከኮዳክሮም በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። ኮዳክሮም በ1935 ገበያ ላይ የወጣ የኮዳክ ባለ ቀለም ፊልም ነው። ሌሎቹ ፊልሞች ቀለም የሚፈጥረውን ነገር በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ኮዳክሮም አይደለም። ቀለሙ የሚገባው ሲታጠብ ነው። ስለዚህ አጠባው እጅግ የተወሳሰበ ነበር፣ ኬሚካሉንም የሚሠራው ኮዳክ ብቻ ነበር። ሚኒላብ ሊያጥበው አይችልም። በምላሹ ፎቶው ዕድሜ ነበረው። በጨለማ ቦታ የተቀመጠ ኮዳክሮም ከሰባ ዓመት በኋላም ቀይው ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ጋዜጠኞችና የጉዞ ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ኮዳክ ምርቱን ማቆሙን ያስታወቀው በጁን 2009 ነው። በዓለም ላይ ኮዳክሮም የሚያጥብ የቀረ አንድ ላቦራቶሪ ብቻ ነበር። ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ። ከፋብሪካው የወጣው የመጨረሻው ጥቅል ለፎቶ ጋዜጠኛው ስቲቭ ማኬሪ ተሰጠ፤ እሱም አንስቶ ሲጨርስ በ2010 ወደ ፓርሰንስ ይዞት ሄደ። ድዌይንስ ፊልም የሚቀበልበት የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 2010 እንዲሆን ወሰነ። በዚያ ሰሞን ሰው በየመሳቢያው የተረሳውን ፊልም እየፈለገ ከየአገሩ በፖስታ ላከ። አንድ የባቡር ሠራተኛ የባቡር ፎቶዎች ያነሳባቸውን ከ1,500 በላይ ጥቅሎች አሳጥቦ ለመውሰድ ከአርካንሳስ ድረስ ነድቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቆመ። በዓለም ዙሪያ ሳይታጠብ የቀረ ኮዳክሮም ዛሬ በቀለም የሚያጥበው ላቦራቶሪ የለውም። ምስሉ እዚያው ፊልሙ ላይ አለ። የሚያወጣው የለም።

የአምራቾቹን ዕጣ ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተነግሮለታል። የጀርመኑ አግፋፎቶ በ2005 ከሰረ። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራና ከፎቶ ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኒኮን ከጥቂቶቹ በስተቀር የፊልም ካሜራ ማምረቱን ተወ። ፖላሮይድ በ2008 ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣውን ፊልሙን እንደሚያቆም ተናገረ። ኮዳክ በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ1988 ወደ 145 ሺህ ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ነው። ሮቸስተር ላይ በ2007 ግዙፍ ሕንፃዎቹን በፈንጂ ሲያፈርስ የቀድሞ ሠራተኞቹ ቆመው አይተዋል።

ሁሌም የሚነገረው የመሐንዲሱ የስቲቨን ሳሰን ታሪክ ነው። በ1975 እዚያው ኮዳክ ውስጥ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ ዕድሉን በእጁ ይዞ አባከነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ግን ኮዳክ ቀድሞ ወደ ዲጂታል ቢሮጥ ራሱን ያድን ይሆናል እንጂ የሱቁን መደርደሪያ አያድንም ነበር። ፉጂ ይህንን ያሳያል። ፉጂ የባለ ቀለም ፊልም ፍላጎት በ2000 ጫፍ ላይ ደርሶ በ2010 ከአንድ አሥረኛ በታች ሲወርድ ተርፏል። የተረፈው ግን የፊልም እውቀቱን ወደ ሌላ ሥራ ወስዶ ነው። ለስክሪን የሚሆን ስስ ፊልም ሠራ፣ በ2007 ወደ ቆዳ ቅባት ገባ፣ በ2008 የመድኃኒት ድርጅት ገዛ። ድርጅቱ ዳነ። ፊልሙ ግን እሱም ጋ አንድ በአንድ እየተቋረጠ ነው።

ከፉጂ ምርቶች አንዱ ግን የተለየ ታሪክ አለው። ኢንስታክስ በ1998 የወጣ ትንሽ ካሜራ ነው። ፎቶው ከካሜራው ውስጥ ወጥቶ እጅ ላይ ይታያል። እሱም መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር ወድቆ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ በዓመት የሚሸጠው ወደ 100 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚያ ተነሳ። በ2018 የበጀት ዓመት 10 ሚሊዮን ካሜራ ተሸጠ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ የትኛው ፊልም ተደርድሮ ይገኛል ቢባል ኢንስታክስ ነው። ለምን? ማጠቢያው እዚያው ወረቀቱ ውስጥ ስላለ ነው። ኬሚካሉ በወረቀቱ ጠርዝ ታሽጓል፤ ፎቶው ሲወጣ ተጨፍልቆ ይፈስሳል። ሱቁ ማሽን አያስፈልገውም። ባለሙያ አያስፈልገውም። ሸጦ ይገላገላል። ከማጠቢያ ነፃ የሆነው ፊልም መደርደሪያው ላይ ቀረ፣ ማጠቢያ የሚያስፈልገው ወረደ። የእኔን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ፍላጎቱ ተመልሷል። ኮዳክ በ2012 ያቆመውን ኤክታክሮም የሚባል ባለ ቀለም ፊልም በ2018 መልሶ አወጣ። በ2022 ለሮቸስተሩ የፊልም ፋብሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች መቅጠሩን ተናገረ። በ2024 መጨረሻ ፋብሪካውን ለማደስ ለሳምንታት ምርት አቆመ። የእንግሊዙ ሃርማን በ2023 መጨረሻ ራሱ የሠራውን ባለ ቀለም ፊልም ይዞ መጣ። ፔንታክስ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ፤ በዚህ ዘመን ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሆሊውድም አግዟል። ትልልቅ ዳይሬክተሮች በፊልም እንቀርፃለን ብለው ባይሟገቱ ኖሮ የኮዳክ ማሽን ለፎቶ ፊልም ብቻ ሲል አይቀጥልም ነበር። ማሽኑ የተሠራው ለግዙፍ ምርት ነው፤ ጥቂት ለማምረት ብሎ አይቀንስም።

ሆኖም ሰው ፊልም የሚገዛው በኢንተርኔትና በጥቂት ልዩ ሱቆች ነው። አንድ ጥቅል ባለ ቀለም ፊልም አሜሪካ ውስጥ 10 ዶላር አካባቢ ነው፤ ማሳጠቡና ስካን ማስደረጉ ሲጨመር ለ36 ፎቶ ከ20 ዶላር በላይ ይወጣል። የሚያጥቡት ላቦራቶሪዎች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት በተሠሩ ማሽኖች ነው። መለዋወጫ የሚያገኙት ከሌላ አሮጌ ማሽን ነቅለው ነው። ሱቆቹ ያኔ ያስወጧቸው ሚኒላቦች ብዙዎቹ ለቆሻሻ ብረት ተሽጠዋል። አሁን አንድ የመድኃኒት ቤት ሰንሰለት ልቡ ተመልሶ በየቅርንጫፉ ፊልም ልጠብ ቢል ማሽን ከየት ያመጣል? የሚጠግነውስ ማን ነው? መደርደሪያው የማይመለሰው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስቆጨኝ ግን መደርደሪያው አይደለም። ነጋቲቩ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ የመድኃኒት ቤትና የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች ፊልምን ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ ብዙዎቹ ነጋቲቩን መመለስ አቆሙ። የታተመውን ፎቶና ዲጂታል ቅጂውን ይሰጣሉ፤ ዋናው ይጣላል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ፎቶ ይደበዝዛል፣ ይቀደዳል፣ ውሃ ይገባበታል። ሲዲም ይበላሻል። ነጋቲቩ ካለ ግን ሁሉንም እንደገና ማውጣት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ የኛም ነው። በ1990ዎቹ ዋሽንግተን አካባቢ ልጁን ክርስትና ያስነሳ ሐበሻ ፊልሙን ሲያሳጥብ ሁለት ሁለት ኮፒ ያዝ ነበር። አንዱ ለአልበም ነው። ሌላው አገር ቤት ለሚሄድ ሰው በፖስታ ታሽጎ ይሰጣል። እናት የልጅ ልጇን ፊት መጀመሪያ ያየችው በዚያ ፎቶ ነው። አዲስ አበባም ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት የሚነሳው በፊልም ነበር። ጉርድ ፎቶው ሳይቀር። የድሮ ፎቶዎቻችንን ገልብጠን ስናይ ጀርባቸው ላይ የፎቶ ቤቱ ማህተም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከነበረው ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ የከተማው ሰው ፊት የተቀመጠው በፎቶ ቤት ነጋቲቭ ላይ ነው። ፎቶ ቤት ሲዘጋ ወይም ወደ ዲጂታል ሲዞር ያ ነጋቲቭ ቦታ ይይዛል፣ ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ ይጣላል። እዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ እንደሆነ ማን ያስባል?

ስለዚህ ቤታችሁ ነጋቲቭ ካለ ፈልጉት። አልበም ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከአሮጌ ደብዳቤ ጋር። ሙቀትና እርጥበት ይጎዳዋል። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ካለ አውርዱት፣ ከኩሽና አርቁት፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ፕላስቲኩ መበላሸት ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለዩትና ቀድማችሁ እሱን ስካን አስደርጉ። የምታውቁት የሰፈር ፎቶ ቤት ሊዘጋ ከሆነም ባለቤቱን ነጋቲቩን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ጠይቁት።

ውጭ ያላችሁና አሁን በፊልም ማንሳት የጀመራችሁ ወጣቶችም ላቦራቶሪ ከመምረጣችሁ በፊት ከዋጋው ቀድማችሁ ነጋቲቩን ይመልሱ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ የሚመልሰው ፎርሙ ላይ ከጻፋችሁና የፖስታውን ከከፈላችሁ ብቻ ነው። አንዳንዱ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጦ ካልተወሰደ ይጥለዋል። ቀኑን ጠይቃችሁ ያዙ፣ ሳያልፍ ሄዳችሁ ውሰዱ።